አማናው በየትኛው ሳጥን ይቀመጥ?

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ እየደጋገመ ይመጣልኛል። «ኡስታዝ፣ የጀመዓችንን የደርስ ቅጂዎችና ፎቶዎች የምናስቀምጥበት ዕቃ ልንገዛ ነው። ሰዎች ናስ ግዙ ይሉናል። ባለ ሁለት ዲስኩ ይሻለናል ወይስ ባለ አራቱ? ወይስ ክላውድ እንከራይ?» የሚል ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኮምፒዩተር ስለሆነ ጥያቄው ወደኔ መምጣቱ አያስገርምም። በሁለት መስመር መልሼ መገላገል እችል ነበር። ግን ከዕቃው በፊት የአማና ጥያቄ አለ። ይህንን የተማርኩት ከኪታብ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ነውና ዛሬ ጥፋቴን ልንገራችሁ።

የምኖረው እዚሁ ዓለም ባንክ ነው። እኔን ጨምሮ የሰፈሩን ብዙ ልጅ ቁርኣን ያቀሩ አንድ ሸኽ ነበሩን፤ አላህ ይዘንላቸው። ከመግሪብ እስከ ዒሻ የሚሰጡትን ደርስ ለአምስት ዓመት ያህል በስልኬ ስቀርጽ ኖሬያለሁ። ማንም አላዘዘኝም። እሳቸው ግን ስልኬን ከፊታቸው ሳስቀምጥ ባዩ ቁጥር ፈገግ ብለው «ያዘው፤ ላልመጡትም ይደርሳል» ይሉኝ ነበር። ያቺ ንግግር አማና ማስረከብ እንደነበረች የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ቅጂዎቹን በሙሉ ወደ አንድ ሃርድ ዲስክ እያዞርኩ ከስልኬ ላይ አጠፋቸው ነበር። ዲስኩ የሚቀመጠው የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሸኹ ወደ አኼራ ከሄዱ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አንድ ምሽት ዲስኩ ኮምፒዩተሩ ላይ እንደተሰካ መብራት ሄደ። ትንሽ ቆይቶ በኃይል ተመለሰ፤ ወዲያው ደግሞ ሄደ፤ እንደገና መጣ። ኮምፒዩተሩን ስከፍት ከዲስኩ የሰማሁት ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት፤ አልሆነም።

ከወር በኋላ የሸኹ ትንሿ ልጅ መጣች። ኒካሕ ሊታሰርላት ነው። «ኡስታዝ፣ አባ ስለ ትዳር ያስተማሩት ደርስ አንተ ጋ አለ አሉኝ። እናቴ በኒካሔ ቀን ድምፃቸውን መስማት ትፈልጋለች» አለችኝ። እኔ ምን አልኳት? «እህቴ፣ ቀደር ነው፤ አላህ የሻው ሆነ» አልኳት፤ ዲስኩ መቃጠሉንም ነገርኳት። ልጅቷ ትንሽ ዝም ብላ «ሌላ ቦታ አልተቀመጠም ነበር?» አለችኝ።

ወላሂ መልስ አልነበረኝም።

ቀደር ነው ማለቴ ውሸት አልነበረም። ከአላህ ውሳኔ ውጪ የሚሆን ነገር የለም። ነገር ግን እውነት የሆነን ቃል አውጥቼ ጥፋቴን ሸፈንኩበት። ይህ በእኛ ዘንድ የተለመደ በሽታ ነው። ፈተና ስንወድቅ ቀደር፣ ብድር ሳንመልስ ስንቀር ቀደር፣ ቀጠሮ ስናሳልፍ ቀደር እንላለን። የራሳችን ገንዘብ ሲጠፋብን ግን ቀደር ከማለታችን በፊት ሌባውን ነው የምንፈልገው። የግመሏን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ መታሰር፣ ከዚያ መተማመን ነው። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ በዚያ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሲመለሱ፣ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። ዑመርም መመለሳቸው ራሱ በአላህ ቀደር ውስጥ መሆኑን አስረድተዋቸዋል። ስለዚህ የዲስኩ መቃጠል ቀደር ከሆነ፣ በጊዜው ሌላ ቅጂ ማስቀመጥ ብችል ኖሮ እሱም ቀደር ነበር። እኔ ከሁለቱ የቱን እንደመረጥኩ ነው የምጠየቀው።

በፊቅህ መጻሕፍት ውስጥ «ወዲዓ» የሚባል ምዕራፍ አለ፤ ሰው ዘንድ በአደራ ስለሚቀመጥ ንብረት የሚናገር ነው። ዋናው መርሕ ለተቀባዩ የሚራራ ነው። ድንበር ካላለፈና ካልተዘናጋ በስተቀር ለጠፋው ዕቃ ዕዳ የለበትም። ጥያቄው ሁሉ ያለው «ካልተዘናጋ» በሚለው ቃል ላይ ነው። መዘናጋቱ የሚለካው ደግሞ በ«ሒርዝ» ነው፤ ዕቃው እንደ ዓይነቱ በሚጠበቅበት ቦታ ተቀምጧል ወይ ተብሎ። የወርቅ ሒርዙ የተቆለፈ ሳጥን ነው፤ የከብት ሒርዙ በረት ነው። በአደራ የተሰጠውን ወርቅ በረት ውስጥ ጥሎ የተሰረቀበት ሰው አልሰረቅኩትም ቢል አይሰማም። ሒርዝ ምን እንደሆነ የሚወስነው የየዘመኑና የየአገሩ ልማድ ነው።

እንግዲህ የእኛ ዘመን ጥያቄ ይህ ነው፤ የአንድ ሰው ድምፅ፣ የአንድ ቤተሰብ ፎቶ፣ የአንድ ጀመዓ ሰነድ ሒርዙ ምንድን ነው? እኔ የምሰጠው ፈትዋ አይደለም፤ አብረን እናስብ ብዬ ነው።

ለማሰብ ደግሞ ዕቃውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሌዳ ነው። የሚያነበው ጭንቅላት ከሰሌዳው ጋር ሳይነካካ፣ ከፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ ባነሰ ክፍተት ከላዩ ይንሳፈፋል። እንዲህ ያለ ዕቃ አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም፤ የማይታወቀው ቀኑ ብቻ ነው። እንደኛው ማለት ነው። ይህንን ደግሞ ኮምፒዩተር የተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀው ነበር። ስለዚህ አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ያለ አማና ሒርዙ ውስጥ አልገባም። ወርቁ በረት ውስጥ ነው ያለው።

ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝን ልንገራችሁ። በሰከንድ 64 ኪሎቢት የተቀረጸ የንግግር ድምፅ በሰዓት ወደ 29 ሜጋባይት ይወስዳል። በዓመት 300 ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ብትሉ፣ የአምስት ዓመቱ ደርስ 1,500 ሰዓት ነው። ይህ ተደምሮ ወደ 43 ጊጋባይት ይመጣል። የሸኻችን የአምስት ዓመት ልፋት በአንድ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ውስጥ ይገባ ነበር! ሰርቨር አላስፈለገኝም፤ ውድ ዕቃም አላስፈለገኝም። አንድ ፍላሽ ገዝቼ እናቴ ቤት ባስቀምጠው ይበቃ ነበር። ችግሬ የገንዘብ ሳይሆን የግዴለሽነት ነበር።

ቀደምቶቻችን ይህንን ከኛ በተሻለ ተረድተውታል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ካለፉ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በየማማ ጦርነት ብዙ የቁርኣን ሐፊዞች ተሰዉ። ዑመር (ረ.ዐ) ያን ጊዜ አላህ ቃሉን ይጠብቃል ብለው አልተቀመጡም። ወደ አቡ በክር (ረ.ዐ) ሄደው ቁርኣን በአንድ እንዲሰበሰብ ወተወቱ። ሥራው ለዘይድ ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ) ተሰጠ። ዘይድ ራሳቸው ሐፊዝ ሆነው ሳለ በራሳቸው ሒፍዝ ብቻ አልሠሩም፤ የተጻፈውን ከተሐፈዘው እያመሳከሩ ነበር የሚሰበስቡት። የተሰበሰበው ጽሑፍ አቡ በክር ዘንድ፣ ቀጥሎ ዑመር ዘንድ፣ ከዚያም የምእመናን እናት ሐፍሳ (ረ.ዐ) ዘንድ ተቀመጠ። በዑሥማን (ረ.ዐ) ዘመን ደግሞ ቅጂዎች ተዘጋጅተው ወደ ታላላቆቹ ከተሞች ተላኩ። ልብ በሉ፤ በልብም በጽሑፍም ነበር፣ ይመሳከር ነበር፣ በአንድ ከተማም አልተወሰነም። አላህ እንደሚጠብቀው በማንም ያልተጠራጠሩ ሰዎች ናቸው ይህንን ያደረጉት። መተማመናቸው ወደ ሥራ ገፋቸው እንጂ ከሥራ አላስቀራቸውም።

በአገራችንም ምሳሌ አለ። ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ አብዱላሂ ሸሪፍ የሚባሉ ሰው ከየቤቱ የእጅ ጽሑፍ ቁርኣኖችን፣ ኪታቦችንና የድሮ የድምፅ ቅጂዎችን ለብዙ ዓመታት ሲሰበስቡ ኖረው በስማቸው የሚጠራ ሙዚየም አቁመዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ የክርስቲያን ጎረቤቶቻችንን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሳት ሲጀመር፣ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ሲቀር ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ይቀመጥ ነበር። ተንቀሳቃሽ ስልክ እንኳ ባልነበረበት ዘመን «ሌላ ቦታስ አለ ወይ?» ብለው የጠየቁ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ያልጠየቁትንም አይተናል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 ደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ ውስጥ የመንግሥት ዳታ ማዕከል ተቃጠለ። የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዳቸውን የሚያስቀምጡበት ክላውድ 858 ቴራባይት ይዞ ወደመ፤ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ አልነበረውም። በቴክኖሎጂ ዓለምን ከሚመሩት አገሮች በአንዱ ይህ ከሆነ፣ የእኔ መሳቢያ ምን ያስገርማል? ገንዘብም ዕውቀትም ከግዴለሽነት አያድኑም።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልምጣ። ናስ ማለት ከራውተራችሁ ጋር የሚገናኝ፣ ዲስኮች የሚሰኩበት ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። በቤት ውስጥ ያለ ስልክና ኮምፒዩተር ሁሉ በኔትወርክ ያገኘዋል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። በኛ አቆጣጠር በ2012 ሰኔ ማብቂያ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ ክላውድ ላይ ያለው ሁሉ ከእጃችን ራቀ። ቤታችሁ ያለ ሰርቨር ግን ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል። በየወሩም ኪራይ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2021 ጀምሮ ጉግል ፎቶ ያለ ገደብ በነፃ ማስቀመጥን ሲያቆም፣ በሰው ቤት ያስቀመጠ በሰው ሕግ እንደሚተዳደር ብዙዎች ተረዱ።

ሁለት ዲስክ ያለው ናስ አንዱን ዲስክ የሌላው መንትያ አድርጎ ሊጽፍ ይችላል። ይህንን አሠራር ሬይድ አንድ ይሉታል፤ ከታክሲው ራይድ ጋር አታምታቱት። ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ብትሰኩ የምታገኙት ቦታ 4 እንጂ 8 አይደለም። አንዱ ዲስክ ሲሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል፤ እናንተ የሞተውን ትተካላችሁ። አራት ዲስክ ሲሆን ደግሞ በሬይድ አምስት የአንዱ ዲስክ ቦታ ለጥበቃ ይውልና የሦስቱ ለእናንተ ይቀራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሬይድ ባክአፕ አይደለም። መንትያ ማለት የአንዱ ጥፋት በቅጽበት ወደ ሌላው ይገለበጣል ማለት ነው። ልጅ ፎልደሩን ቢያጠፋው ከሁለቱም ይጠፋል። ቫይረስ ቢቆልፈው ሁለቱም ይቆለፋሉ። ሌባ ሳጥኑን ቢወስደው ሁለቱንም ይዞ ነው የሚሄደው። እሳትና ጎርፍም እንደዚያው። ስለዚህ የባለሙያዎቹ ምክር ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን የሚል ነው።

መልሴን ከዚህ ታገኙታላችሁ። ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ባለ አራት ዲስኩን ገዝታችሁ ሁሉንም አንድ ክፍል ውስጥ ከምታስቀምጡ፣ ባለ ሁለቱን ገዝታችሁ በተረፈው ብር አንድ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ጨምሩና ሌላ ሰፈር አስቀምጡት። እናንተ ዓለም ባንክ ካላችሁ ዲስኩ አየር ጤና አክስታችሁ ቤት ይሁን። በየወሩ ለዘመድ ጥየቃ ስትሄዱ ይዛችሁ መጥታችሁ አድሱት፤ ሲለተ ረሒምም ባክአፕም በአንድ ጉዞ ይሆናል። ቪዲዮ የምትቀርጹ ከሆነ አንድ ሰዓት ከሁለት ጊጋባይት ትንሽ በላይ እንደሚወስድ ገምታችሁ አስሉ። በዓመት 300 ሰዓት ብትቀርጹ 700 ጊጋባይት አይሞላም፤ 4 ቴራባይት አምስት ዓመት ያህል ያስኬዳችኋል። ከዚያ በላይ መግዛት ለብዙዎቻችን ለታይታ ነው። የጀመዓ ገንዘብ ደግሞ ከእማማ ሳንቲም የተሰበሰበ ነው፤ ኢስራፍ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። የድሮ ኮምፒዩተር ካላችሁና የሚከታተለው ልጅ ካለ፣ በነፃ ሶፍትዌር ያው ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ መብራት ግን ከናሱ በላይ ይበላል።

ዲስኩን ስትመርጡም ተጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለናስ ብሎ ከሚሸጣቸው ሬድ ዲስኮች ውስጥ ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ያሉት አንዳንዶቹ፣ ኤስኤምአር በሚባል አሠራር የተሠሩ መሆናቸውን ለገዢ ሳይገልጽ ሲሸጥ መቆየቱ ታወቀ። በዚህ አሠራር የመረጃ መስመሮቹ እንደ ጣራ ቆርቆሮ እርስ በርስ ይደራረባሉ፤ አንዱን ለመቀየር የተደራረቡትንም ማንሳት ያስፈልጋል። ለተራ ማስቀመጫ ጉዳት የለውም። የሞተ ዲስክ ተተክቶ መንትያው እንደ አዲስ ሲጻፍ ግን ሥራው ይንቀረፈፋል፣ አንዳንዴም ይከሽፋል። ማለትም ዕቃው የሚከዳው በምትፈልጉት ሰዓት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከትተው ከሥር እርጥበት ባገኙ ጊዜ ነጋዴውን ምን እንዳሉት ታስታውሳላችሁ። ኋላ ኩባንያው የዲስኮቹን ዓይነት በይፋ ለየ። እናንተ ግን ስትገዙ ሲኤምአር ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መርካቶም ይሁን ቦሌ አዲስ ነው የተባለውን ዲስክ ሰክታችሁ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚያሳየውን ቁጥር ተመልከቱ፤ እጅ መክተት ማለት ዛሬ ይህ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነም ዕቃው ቢበላሽ ዋስትናው እዚህ ይሠራል ወይ ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሻጮች የሆናችሁ ወንድሞቼ ደግሞ፣ ያገለገለውን ያገለገለ በሉት፤ በረካው ያለው እዚያ ነው።

ሳጥኑም እጃችሁን እንዳያስር አስቡ። ሲኖሎጂ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣቸው አንዳንድ ሞዴሎች የራሱን ዲስክ ካልሆነ በቀር እንዳይቀበሉ ገድቦ ነበር፤ ገዢዎች ሲያማርሩ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አላላው። እንዲሁም ሰርቨራችሁን ከውጭ በቀጥታ እንዲገባበት ለኢንተርኔት አትክፈቱት። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ዴድቦልት የተባለ ጥቃት በኢንተርኔት የተጋለጡ የኪውናፕ ዕቃዎችን ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ጠይቋል። ከዚያ በፊት በሰኔ 2021 ማይ ቡክ ላይቭ የተባለው፣ አምራቹ ማዘመን ካቆመ ዓመታት ያለፈው ዕቃ፣ ባለቤቶቹ ሳያውቁ ከሩቅ ተሰርዞባቸው አደረ። ማዘመኛ የማይወጣለት ዕቃ ቁልፉ እንደተሰበረ በር ነው። መብራት በሚሄድበት ሰፈራችን ደግሞ ናስ ያለ ዩፒኤስ አይገዛም። ዩፒኤሱን በዩኤስቢ ገመድ ካገናኛችሁት ባትሪው ሳያልቅ ናሱ ራሱን በሥርዓት እንዲዘጋ ይነግረዋል።

አንድ ወንድም ይህንን ሳወራ ሰምቶ ተቃወመኝ። «ዕውቀት በልብ ነው፤ ሰለፎች ሰርቨር ነበራቸው እንዴ? ሁሉ ጠፊ ነው፤ ይህን ያህል መጨነቅ ዱንያን መውደድ አይሆንም?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። እውነቱን ነው፤ ብዙዎቻችን ከስብስባችን ውስጥ ደግመን የማንሰማውን፣ የማናነበውን ነው የምናከማቸው። ማከማቸት ማወቅ እየመሰለን ተታለናል። አንድ ቴራባይት ኪታብ ያለው ሰው አንድ ገጽ ካላነበበ ከዲስኩ በምን ይለያል? ነገር ግን ወንድሜ ሁለት ነገር ቀላቅሏል። የራሴን ነገር ለመተው ዙህድ አለኝ እላለሁ። በእጄ ያለውን የሰው ነገር ግን በዙህድ ስም ማጥፋት አልችልም። በራስ ንብረት ቸልተኛ መሆን ቸርነት ሊሆን ይችላል፤ በአደራ ንብረት ቸልተኛ መሆን ግን ክህደት ነው። የዚያች ልጅ የአባቷ ድምፅ የእኔ ዱንያ አልነበረም።

ታዲያ ታሪኩ እንዴት አለቀ? ልጅቷ ከሄደች በኋላ አፍሬ በሰፈራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሆነውን ሁሉ ጻፍኩ። የሸኹ ድምፅ ያለው ሰው ካለ ብዬ ለመንኩ። በሳምንቱ አንዲት ስልጢኛ የሚቀናቸው እናት ልጅ ልከው አስጠሩኝ። ማድቤታቸው ውስጥ ፍላሽ የምትቀበል ትንሽ ስፒከር አለች። የልጅ ልጃቸው ከዓመታት በፊት ከኔ ስልክ የተቀበለውን ሞልቶላቸው፣ እንጀራ ሲጋግሩ ይሰሙታል። ፍላሿን ነቅለው እየሰጡኝ «ቶሎ መልሳት ልጄ፤ ጠዋት ጠዋት ካልሰማኋቸው ቀኑ አይሄድልኝም» አሉኝ። ሌላ የሚኒባስ ሹፌር ከመኪናው ሜሞሪ አመጣ። ሌላዋ እህት ከድሮ ስልኳ። ተሰብስቦ ከጠቅላላው ሲሶ አይሞላም፤ ግን የሸኹ ድምፅ ከዚህ ዓለም አልጠፋም። የትዳሩ ደርስ ግን አልተገኘም። እስከ ዛሬ አልተገኘም። በኒካሑ ቀን እናትየው የሰሙት ስለ ሶብር የተናገሩትን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አልረሳም። ናስ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛው የዕቃ ስም ምህጻር ነው፤ በዐረብኛ ግን ሰዎች ማለት ነው። እኔ ለብቻዬ ቆልፌ የያዝኩት ጠፋ፤ ሳላስበው ለሰዎች የሰጠሁት ቆየ። ስለዚህ አማናችሁን ሁለት ቦታ ክፈሉት። መስፋፋት የሚገባው አለ፤ ደርስ፣ ዕውቀት፣ የሸኾች ድምፅ። የዚህ ሒርዙ ሰዎች ናቸው። አሰራጩት፣ ለእናቶች ፍላሽ ሙሉላቸው፣ ለሹፌሩ ስጡት። መሸፈን የሚገባው ደግሞ አለ፤ የቤተሰብ ፎቶ፣ የሴቶች የሰርግ ቪዲዮ፣ ምክር ፈልጎ የተላከ የድምፅ መልእክት፣ የዕዳና የኒካሕ ሰነድ። የዚህ ሒርዙ የተቆለፈ ሳጥን ነው፤ ሌላ ቤት የሚቀመጠው ቅጂም በፓስወርድ ይቆለፍ። ከነዚህም ውስጥ ጉዳዩ ሲያልቅ መጥፋት ያለበት አለ። ሰው ችግሩን የነገረህን ድምፅ ለአሥር ዓመት ማስቀመጥ መጠበቅ አይደለም፤ ዓውራውን ይዞ መቀመጥ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የትኛው የቱ እንደሆነ ለዩ። ሳይለይ የተገዛ ሰርቨር የተሻለ መጋዘን እንጂ የተሻለ አማና አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፓስወርዱን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነና ያ ሰው ነገ ቢሞት፣ ዲስኩ ደህና ሆኖ አማናው ጠፋ ማለት ነው። ኑዛዜ ጽፎ ማደር ለገንዘብ ብቻ አይደለም። ቁልፉ የት እንዳለ፣ ምኑ ለማን እንደሚሰጥ፣ ምኑ ሳይከፈት እንደሚጠፋ ጽፋችሁ ለታመነ ሰው ስጡ።

ዛሬ ከዐስር በኋላ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በእጃችሁ ካለው የሰው አማና ውስጥ አንዱን ምረጡና ያቺ ልጅ የጠየቀችኝን ራሳችሁን ጠይቁ፤ «ሌላ ቦታ ተቀምጧል?» መልሱ አዎ ከሆነ ከዚያ ቦታ አውጥታችሁ አንድ ፋይል ከፍታችሁ ስሙት፤ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ አለኝ አይባልም። መልሱ የለም ከሆነ ናስ እስክትገዙ አትጠብቁ። ፍላሽ ግዙ።

ያ አላህ! በእጃችን ያለውን አማና የምንጠብቅበትን ጥንካሬ ስጠን። ያጠፋነውን ማር በለን፤ ጥፋታችንን በአንተ ውሳኔ ከመሸፈንም ጠብቀን። ሸኻችንን፣ ያስተማሩንንም ሁሉ እዘንላቸው፤ የተናገሩትን መልካም ነገር ላልመጡትም አድርስላቸው። አሚን።

ጁሙዓችሁ የተባረከ ይሁን።